የመዋያ አርባ አንድ በር

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጋሽ ሚልኪያስ ከግቢያቸው ሲወጡ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ያለው ቆጣሪ እንደ ወትሮው አንዴ ነዘረ። መቁጠር ጀመረ ማለት ነው። ባለቤታቸው እትዬ ሶልያና ፎጣቸውን አንገታቸው ላይ ጠመጠሙና ቀኝ እግራቸውን አስቀድመው ደፉን ተሻገሩ፤ የእሳቸውም ነዘረ።

«ዛሬ እንዳትሮጥ» አሉ እትዬ ሶልያና።

«መቼ ሮጬ አውቃለሁ?»

«ትናንት። እኔን ማዞሪያው ላይ ጥለኸኝ ሄደህ ግድግዳ ተደግፈህ ስትጠብቀኝ አገኘሁህ። እኔ ሩጫ የምለው ያንን ነው።»

ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም ገና አልተነሣም ነበር። ሰኔ ገብቷል። ሁለቱ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ቁልቁለቱን ጀመሩ። ጋሽ ሚልኪያስ ሰባ ዘጠኝ፣ እትዬ ሶልያና ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። በ2094 ዓ.ም. ደሴ ውስጥ ይህ የሚያስደንቅ ዕድሜ አይደለም፤ ከከተማው ሰው ሲሶው ከሰባ በላይ ነው።

ደንቡ አጭር ነው፤ ልጆች ትምህርት ቤት በቃላቸው ያጠኑታል። ማንኛውም አረጋዊ በራሱ እግር፣ በራሱ ፍጥነት፣ ከሩብ ሰዓት በላይ ሳይሄድ መዋያ ይደርሳል። መዋያ ውስጥ ምሳ አለ፣ ሐኪም አለ፣ የሚያጫውት ሰው አለ። ደንቡ ከመውጣቱ በፊት መዋያዎቹ ሁሉ አስፋልት ዳር ነበሩ። ዳገት ላይ የሚኖር ሽማግሌ ጉልበቱ ሲከዳው ቤቱ ተቀምጦ ቀን ይገፋ ነበር። የጋሽ ሚልኪያስ እናት ያለፉት እንዲያ ሆነው ነው፤ ሊወርዱ የማይችሉበትን መዋያ ጣሪያ ስድስት ዓመት ሙሉ በመስኮት እያዩ። ስለዚህ ጋሽ ሚልኪያስ ደንቡን ይወዱታል። ሰው ሲያማው ከሰሙም ይቆጣሉ።

የሚያስፈጽመው የእኩል ርቀት ቢሮ ነው። በየዓመቱ ሰኔ ላይ የሁሉም ቆጣሪ ይደመርና መዋያዎቹ ይዛወራሉ። ተገጣጣሚ ስለሆኑ ጠዋት ተፈትተው ከሰዓት በኋላ ሌላ ኮረብታ ላይ ይቆማሉ። ሰውም እንደዚሁ ይደለደላል። ቢሮው የሚያውቀው እግር ነው፤ ባልና ሚስት፣ እህትና ወንድም የሚል ሳጥን ቅጹ ላይ የለም። ዐምና እትዬ ሂባ ጉልበታቸውን ታመው መንገዳቸው በአራት ደቂቃ ስለረዘመ፣ «ለእርስዎ እግር የሚቀርበው ከቦርከና ማዶ ያለው መዋያ 38 ነው» ተባሉ። ወንድማቸው ሼህ ሙአዝ አርባ አንድ ቀሩ። አሁን በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ወንድምና እህት በየመዋያቸው ደጅ ቆመው ሸለቆውን አሻግረው ሻሽ ያውለበልባሉ። ሁሉም ለምዶታል። ሰው የሚጨነቀው ሻሹ የዘገየ ዕለት ነው።

ባልና ሚስቱ መዋያ አርባ አንድ ሲደርሱ በሩ ላይ እንደ ወትሮው ሰው ነበረ። ሰላምታውም ግቡ ግቡውም አልቆ ወደ ውስጥ ዘለቁ። ጋሽ ሚልኪያስ ሲገቡ የበሩን ጫፍ በመዳፋቸው ነካ አደረጉ፤ ይህን ሳያደርጉ ገብተው አያውቁም። ሃምሳ ዓመት በርና መስኮት ሲበይዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ይህንን በር ደግሞ ባለፈው መስከረም ላይ በገዛ እጃቸው ነው የሠሩት።

ማስታወቂያው ከምግብ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ነበር።

«መዋያ 41 ለተጠቃሚዎቹ ሩቅ ሆኖ ተገኝቷል። አማካይ የጉዞ ጊዜ ሃያ አራት ደቂቃ። ሰኔ 25 ቀን ወደ ላይኛው ሜዳ ይዛወራል። በአዲሱ ቦታ ከሩብ ሰዓት በላይ የሚርቃቸው ስማቸው ከዚህ በታች የተዘረዘረ አሥራ አንድ ሰዎች ወደ መዋያ 38 ተደልድለዋል።»

በዘጠነኛው ተራ ላይ ሶልያና የሚል ነበር። ጋሽ ሚልኪያስ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ በጣታቸው ፈለጉት። የእሳቸው ስም የለም።

«ሃምሳ ሁለት ዓመት!» አሉ እትዬ ሶልያና። «አንድ ሽማግሌ እንኳ ሳይቀመጥ ከተማው አፋታን በለኛ!»

ሰው ሳቀ። ጋሽ ሚልኪያስ አልሳቁም።

«ሻሽ ልግዛ እንዴ?» አሉ እትዬ ሶልያና ቀስ ብለው፣ ለእሳቸው ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

«ቆጣሪው ነው የተበላሸው» አሉ ጋሽ ሚልኪያስ። «እኔ ብቻዬን ዘጠኝ ደቂቃ ነው የሚፈጅብኝ። አንቺን ይዤ አሥራ ሦስት። ሃያ አራት ከየት መጣ?»

የዚያኑ ዕለት አቤቱታ ጻፉ።

በሦስተኛው ቀን ከቢሮው አጣሪ መጣች። ብርቄ ትባላለች፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። በዚያ ዘመን ወጣቶቹ የቅድመ አያቶቻቸውን ስም ተሸክመው፣ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ሶልያናና ናትናኤል ተብለው መኖራቸው ማንንም አይገርምም። ብርቄ ጠዋት ከባልና ሚስቱ ግቢ ተነሥታ ከኋላቸው ተከተለች። አላወራችም። ማዞሪያው ላይ ሲቆሙ ቆመች፣ ሲሄዱ ሄደች። ከመዋያው በር ሁለት እርምጃ ሲቀራቸው ሰዓቷን አየች። አሥራ ሦስት ደቂቃ።

በሩ ላይ ሼህ ሙአዝና መምሬ ናትናኤል ነበሩ። ሼሁ እጀታውን ይዘዋል።

«ይግቡ እንጂ መምሬ።»

«ኧረ በእመቤቴ! አንቱ ቆመው እኔ ልግባ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ወላሂ አልገባም። በሩን ይዤልዎት እኮ ነው።»

«እንግዲያው እጀታውን ይስጡኝ፤ እኔ ልያዝልዎ።»

«መምሬ፣ እኔ ልሙት!»

«እኔ ልቅደም፤ ሞቱን ማለቴ ነው። በሩንስ አንቱ ይቅደሙ።»

ከኋላቸው ሰው እየደረሰ ነበር። ሼሁና መምሬው ሳይገቡ ማን ደፍሮ ይገባል? የደረሰው ሁሉ እርስ በርሱ ይገባበዝ ጀመር። አንዲት ባልቴት ሌላዋን በክርናቸው ገፋ እያደረጉ «እለፊ በሞቴ» ይላሉ፤ የተገፉት ደግሞ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ጋሽ ሚልኪያስ ለሁለት ሰው መንገድ ለቀቁ፤ እትዬ ሶልያና ለሦስት። ማንም አልተቻኮለም። ማንም ሰዓት ያየ የለም። ጉሙ በላያቸው ያልፋል፤ የሰው ጤና ይጠየቃል፤ የልጅ ልጅ ስም እየተጠራ ይመረቃል።

«አንቺ ልጅ፣ እንግዳ ነሽ፤ እለፊ» አሏት ሼህ ሙአዝ ብርቄን።

«ኧረ እናንተ ቆማችሁ እኔ እንዴት...» አለችና ብርቄ አፏን ያዘች።

የመጨረሻው ሰው ወለሉን ሲረግጥ ቆጣሪው ዝም አለ። ብርቄ ጻፈች። ከበሩ እስከ ወለሉ፣ ማለትም አንድ እርምጃ፣ በአማካይ አሥራ ሁለት ደቂቃ።

ውስጥ ገብታ ከጋሽ ሚልኪያስ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ቆጣሪው ደኅና ነው» አለች። «አርባ አንድ እስከ ዐምና ነሐሴ ድረስ አሥራ ሁለት ደቂቃ ነበር። ከመስከረም ጀምሮ ሃያ አራት ሆነ። መስከረም ላይ ምን ተለወጠ?»

«ምን ይለወጣል? ያው ሰው፣ ያው መንገድ...» አሉ ጋሽ ሚልኪያስ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ በሩ ሄደ፤ እዚያው ቀረ።

የድሮው በር ሰው ሲጠጋው በራሱ የሚከፈት፣ አራት ቆጥሮ የሚዘጋ ነበር። የመጣውን ሁሉ እየዋጠ ያስገባል። «ሂድ ግባ እንደሚል ዘበኛ ነው» እያሉ ያሙት ነበር። አንድ ቀን የሼህ ሙአዝን ጋቢ ነክሶ ሲይዝ ሰው ተሰብስቦ አመለከተ፦ በእጅ የሚከፈት፣ ሰው ለሰው የሚይዘው በር ይደረግልን። ቢሮው የድሮውን በር አንሥቶ ወሰደ፤ አዲሱን ጋሽ ሚልኪያስ ሠሩት። ባለ አንድ ተካፋች፣ በወፍራም ብረት፣ እጀታው ለደከመ እጅ እንዲመች በቆዳ የተጠቀለለ። ማጠፊያው ድምፅ የለውም። የምረቃው ዕለት መምሬ ናትናኤል ሲከፍቱትና ሲዘጉት ቆይተው፣ «ይሄ በር ጨዋ ነው» ብለው ነበር።

ጨዋ ነበር። ጨዋነቱ ነበር ጉዱ።

«ይህንን ለቢሮው ንገሪልኝ» አሉ ጋሽ ሚልኪያስ። «መንገዱ ሩቅ አይደለም፤ የምንዘገየው በር ላይ ነው በይ።»

«ቅጹ የምክንያት ቦታ የለውም ጋሼ። እኔ የማስገባው ቁጥር ነው።»

«የድሮው በር ይመለስ።»

«ጥያቄው ሦስት ወር ይፈጃል፤ ዝውውሩ በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ ነው።» ብርቄ ጥቂት አሰበች። «የሰባት ቀን ዳግም ልኬት ልፈቅድልዎ እችላለሁ። ከሰባቱ ሦስት ተከታታይ ቀን አማካዩ ከሩብ ሰዓት በታች ከመጣ መዋያው ካለበት አይነቃነቅም።»

«እሱ ቀላል ነው። ቶሎ ቶሎ ግቡ ማለት ነው እኮ።»

ብርቄ ፈገግ አለች። «እኛም ቤት አያት አሉ» አለች።

በመጀመሪያው ቀን በስብሰባ የተስማሙት፣ ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ይግባ የሚል ነበር። ቀድመው የደረሱት መምሬ ናትናኤል ናቸው። በሩን ከፍተው ቆሙ። «ግቡ እንጂ መምሬ» ቢሏቸው፣ «ሼሁ ሳይመጡ? ባዶ ቤት እንደ ሌባ ልግባ?» አሉ። ሃያ ሦስት ደቂቃ።

በሁለተኛው ቀን በዕድሜ ይሁን ተባለ፤ ታላቅ ይቅደም። ይህ የተሻለ መስሎ ነበር።

«እንግዲህ ሼሁ የሁላችን ታላቅ ናቸው» አሉ መምሬ ናትናኤል።

«እኔ? አንቱ ዲቁና ሲቀበሉ እኔ ገና ጡጦ እጠባ ነበር!»

«ጡጦው ጺም ነበረው እንዴ?»

ከመዋያው ሃያ ሦስት ሰዎች መካከል ታላቅ ነኝ ያለ አንድ ሰው ጠፋ። የዘጠና ዓመቷ ባልቴት እንኳ፣ «ልደቴን በትክክል የሚያውቅ የለም» ብለው ወደ ኋላ ተሰለፉ። ሃያ ስድስት ደቂቃ።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ሚልኪያስ ተናደዱ። በሩ ላይ የቆመውን ሰው በትከሻቸው ከፍለው፣ ማንንም ሳያዩ፣ ሰላም ሳይሉ ገቡ። ሰው ይከተለኛል ብለው ነበር። የተከተላቸው ዝምታ ነው። ማንም ክፉ አልተናገራቸውም። ሼህ ሙአዝ በኋላ መጥተው፣ «ደግ አደረግህ፣ ቤትህ ነው» አሉ። ምሳ ላይ የተለመደው ጉርሻ በፊታቸው እያለፈ ወደ ሌላ ሰው ሄደ። እትዬ ሶልያና ብቻ አንድ ጊዜ አጎረሷቸው፤ «ብላ ባለጌ» ብለው። ሃያ አምስት ደቂቃ።

በአራተኛውም ቀን ከሩብ ሰዓት በታች አልመጣም። ከሰባቱ የቀረው ሦስት ቀን ብቻ ሆነ።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሌላው ሰው ወደ ቤቱ ሲሄድ ጋሽ ሚልኪያስ ከበሩ ፊት ለፊት ተቀምጠው ቀሩ። እትዬ ሶልያና አጠገባቸው ተቀመጡ። ማዶ፣ ከቦርከና ባሻገር፣ የሠላሳ ስምንት ጣሪያ ይታያል።

«በርህ ምን አጠፋ?» አሉ እትዬ ሶልያና።

«ጠባብ ነው። አንድ ሰው ነው የሚያሳልፈው። አንድ ሰው የሚያሳልፍ በር ሁልጊዜ ቀዳሚ ይጠይቃል።»

«ሁለት ሰው የሚያሳልፍ ሥራ።»

«ሁለት ሁለት ሆነው ይገባበዛሉ።»

«አራት?»

ጋሽ ሚልኪያስ ከበሩ ወደ ቀኝ እስከ ማዕዘኑ፣ ከዚያ ወደ ግራ እስከ ማዕዘኑ አዩ። ግድግዳው ከተገጣጣሚ ሰሌዳ የተሠራ ነው፤ ብሎኖቹ ከላይ እስከ ታች ተሰልፈው ይታያሉ።

«ሃያ ሦስት ነን አይደል?» አሉ።

ብርቄ ጋ ደወሉ።

«ልጄ፣ የፊት ግድግዳውን ብፈታው ምን ይለኛል ቢሮው?»

ብርቄ ደንቡን ፈለገች። ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ። «ግድግዳው የከተማው ንብረት ነው፤ መንካት ክልክል ነው። ግን ለዝውውር የተመደበ መዋያ ከአሥር ቀን በፊት ጀምሮ የፊት ግድግዳው ተፈትቶ ሊዘጋጅ ይችላል ይላል።»

«ማን ይፍታው ይላል?»

«እሱን አይልም» አለች ብርቄ። ድምፅዋ ላይ ሳቅ ነበረ። «ጋሼ፣ መሰላል ላይ እንዳይወጡ ብቻ።»

ወጡ። እትዬ ሶልያና መሰላሉን ያዙ፤ ሼህ ሙአዝና መምሬ ናትናኤል ተጠርተው መጥተው ከታች ሰሌዳ ተቀበሉ። ሰባ ሁለት ብሎን ነበረው። ሁሉ ተፈትቶ ሲያልቅ የቀረው በሩ ብቻ ነበር፤ ዙሪያው ግድግዳ የሌለው፣ ብቻውን የቆመ ጨዋ በር። ጋሽ ሚልኪያስ ማጠፊያውን በዘይት በራሰ ጨርቅ ጠረጉት። ከዚያ ፒኑን ከታች ወደ ላይ መትተው አወጡት፤ በሩን አቅፈው ከጓሮው ግድግዳ አስደገፉት። እጀታው ላይ ያለው ቆዳ በአሥር ወር ውስጥ በስንት ሰው እጅ እንደለሰለሰ ያዩት ያኔ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሰው መጥቶ ከመዋያው ፊት ቆመ። አዳራሹ ከዳር እስከ ዳር ወለል ብሎ ይታያል፤ አግዳሚዎቹ፣ የሐኪሙ ጠረጴዛ፣ ምድጃው። ሼህ ሙአዝ እጃቸውን ዘርግተው እጀታ ፈለጉ።

«የቱን ነው የምይዘው?»

«የሚያዝ የለም» አሉ ጋሽ ሚልኪያስ።

«ታዲያ ማን ይቅደም?»

«ሜዳ ላይ ማን ይቅደም ይባላል?»

ሼሁና መምሬው ተያዩ። ከወለሉ ጠርዝ ጎን ለጎን ቆሙ። ሌላውም ግራ እየተጋባ በግራና በቀኛቸው ተሰለፈ፤ ፎቶ የሚነሣ ቤተ ዘመድ መሰሉ። እትዬ ሶልያና የባላቸውን ክንድ ያዙ። አንዱ «ቢስሚላህ» አለ፣ ሌላው «በስመ አብ»፤ ሁሉም አንድ እግሩን አነሣ። ወለሉ ድም አለ፤ ቆጣሪው ሁሉ በአንድ ጊዜ ዝም አለ። ዘግይቶ የደረሰውም፣ ሜዳ ነውና፣ ዝም ብሎ እየተራመደ ገባ። አሥራ ሦስት ደቂቃ።

የዚያን ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ከማዶ የእትዬ ሂባ ሻሽ ከወትሮው በተለየ ተወዛወዘ። በሁለት እጅ ነበር የሚያውለበልቡት። የአርባ አንድ ግድግዳ ፈርሶ አይተዋል፤ ሊሄዱ ነው ብለው ነው። ሼህ ሙአዝ ሻሻቸውን ይዘው ቆሙ። በሻሽ «እዚሁ ነን» እንዴት ይባላል? መሬት ላይ ተቀመጡና ሻሹን ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። ከማዶ ያለውም ሻሽ ቀስ እያለ ወረደ።

በስድስተኛው ቀን አሥራ ሦስት። በሰባተኛው ቀን ዝናብ ነበር፤ ነፋሱ እስከ መካከለኛው አግዳሚ ድረስ ረጨባቸው። ሃያ ሦስቱም በጀርባው ግድግዳ ተጠጋግተው፣ ሁለት ሦስት ሆነው አንድ ብርድ ልብስ ተከናንበው ዋሉ። አንድም ሰው አላጉረመረመም። ምሳ ላይ ጋሽ ሚልኪያስ ከሦስት አቅጣጫ ጎረሱ። አሥራ ሁለት ደቂቃ።

መልሱ ሰኔ 21 ቀን መጣ። «መዋያ 41 ቅርብ ሆኖ ተገኝቷል። ዝውውሩና ድልድሉ ተሰርዟል።» ምክንያት አልተጻፈበትም። ብርቄ የፊት ግድግዳውን ጉዳይ «ዝግጅቱ አልተጠናቀቀም» ብላ መዝግባ ትታዋለች፤ ስለዚህ ተመልሶ የሚገጠምበት ቀን አልተቆረጠለትም። ጋሽ ሚልኪያስ ለክረምቱ ከዳር እስከ ዳር የሚታጠፍ፣ ባለ አሥራ ሁለት ተካፋች ግድግዳ መንደፍ ጀምረዋል። እጀታ አይኖረውም። ሼህ ሙአዝ ንድፉን ሲያዩ ቆይተው፣ «የማዶኞቹስ ግድግዳ ስንት ብሎን አለው?» ብለው ጠየቁ፤ ጋሽ ሚልኪያስም የሚያውቁ ይመስል፣ «ያው ሰባ ሁለት ነው» አሉ። ሼሁ በማግስቱ ስለ እህታቸው ሊጠይቁ ለብርቄ ደወሉ።

መልሱ የመጣ ቀን አሥር ሰዓት ሆነና ሰው ሊወጣ ተነሣ። ጉሙ ተመልሶ መውረድ ጀምሯል። ከወለሉ ጠርዝ ሲደርሱ ሼህ ሙአዝ ቆሙ።

«ይቅደሙ መምሬ።»

«አንቱ ቆመው?»

«ወላሂ!»

«በእመቤቴ!»

ሰው ከኋላ ተከማቸ። ወደ ቀኝም ወደ ግራም አሥራ አምስት እርምጃ ክፍት ነበር፤ ግን ሁሉም ሁለቱ በቆሙበት ቦታ ተከማቸ። ከተማው የመመለሻውን ሰዓት አይቆጥርም።

እትዬ ሶልያና የባላቸውን ክንድ ለቀቅ አድርገው ጎናቸውን ነካ አደረጉ።

«ሚልኪ፣ አንተ ቅደም።»

«ከዚያ ማዞሪያው ላይ ጥለኸኝ ሮጥክ ልትዪኝ?» አሉ ጋሽ ሚልኪያስ። «አንቺ ቅደሚ።»

«ኧረ አንተ በሞቴ።»

እንዲህ ሲባባሉ የመዋያው መብራት በራ።